ውድነሽ፣ ዝናቡና የእርሳሱ ማሰሮ

ተረት ተረት! የላሙን በረት ለዛሬ ተዉትና የዕቃ ቤቱን በር ስሙ።

ውድነሽ የምትባል አንዲት ነፍሰ ጡር ነበረች። ወሯ ገብቷል። አገሯ ከሆስፒታሉ በበቅሎ ግማሽ ቀን ያስኬዳል፤ ስለዚህ ምጡ መንገድ ላይ እንዳይቀድማት ከሌሎች ነፍሰ ጡሮች ጋር እናቶች ማቆያ ቤት ገብታ ቀኗን ትጠብቃለች። ቤቱ በሆስፒታሉ ግቢ ጥግ ላይ ያለ፣ ጣሪያው የማያፈስ፣ አልጋዎቹ በግድግዳው ሥር የተደረደሩ ደህና ቤት ነው። ውድነሽ ከዚህ ዓለም የምትፈልገው አንድ ትንሽ ነገር ብቻ ነበር፤ አዋላጇ እንደነገረቻት በግራ ጎኗ፣ ደረቅ አልጋ ላይ መተኛት። በቃ። ከዚህ ያነሰ ምኞት ካለ ንገሩኝ።

ይህችን ትንሽ ነገር ደግሞ አግኝታት ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ግን የራጅ ባለሙያው ዘርጋው በዚያ በኩል አለፈ።

ዘርጋው ፊዚክስ የተማረ ሰው ነው። ድሮ ለከፍተኛ ትምህርት ውጭ አገር እንዲሄድ ስሙ ተለጥፎ ነበር፤ በማግስቱ ወረቀቱ ተቀዶ የሌላ ሰው ስም ተለጠፈ። የማን ስም እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ የአጎቱን ስም ብጠራላችሁ ትደነግጣላችሁ። እንዲህ ነው በእኛ አገር ጨረር የሚያውቅ ሰው ጨለማ ክፍል ውስጥ የሚቀመጠው። በዚያ ጠዋት የራጅ ክፍሉን ለመፈተሽ የመጣለትን አዲስ የጨረር መለኪያ በእጁ ይዟል። መለኪያው የመዳፍ ያህል ነው፤ ጨረር ሲያገኝ ጠቅ ይላል። በማቆያው ግድግዳ አጠገብ ሲያልፍ ጠቅ አለ። አንድ እርምጃ ሲጠጋ ጠቅ ጠቅ አለ። እጁን ወደ ውድነሽ አልጋ ራስጌ ሲዘረጋ መለኪያው ምጣድ ላይ እንደተበተነ ሰሊጥ ተንጣጣ።

ዘርጋው አመድ መሰለ።

«እናቶች፣ ተነሡ! ቶሎ ውጡ!»

«ምነው ልጄ፣ እሳት ተነሣ?» አለች ውድነሽ፣ ሆዷን ደግፋ እየተነሣች።

«እሳትስ ቢሆን ይታይ ነበር። ይኼ አይታይም።»

«ካልታየ አንተ እንዴት አየኸው?»

«እኔም አላየሁትም። ይቺ ናት የሰማችው።»

በረንዳው ላይ አቁሞ ነገራቸው። ከግድግዳው ወዲያ አሮጌው ዕቃ ቤት ነው። በድሮ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጡ ሐኪሞች የሴቶችን የማኅፀን ነቀርሳ ጨረር በሚያወጡ ቀጫጭን ብረቶች ያክሙ ነበር። ሐኪሞቹ ሲሄዱ ብረቶቹ ቀሩ፤ ወፍራም የእርሳስ ማሰሮ ውስጥ ተከድነው፣ ጨረሩ እንዳይወጣ። ቀጥሎ የመጣ ሁሉ ማሰሮውን አሮጌ ዕቃ ነው እያለ ወደ ውስጥ ገፋው። ሕዝቡም ረሳው። ብረቱ ግን አልረሳም።

«የራጅ ጨረር ማብሪያው ሲጠፋ ይጠፋል» አለ ዘርጋው። «የዚህኛው ማጥፊያ የለውም።»

ዘርጋው ወደ ዋና ከተማ ደወለ፤ ስለ ከተማ ሰዎች የፈለጋችሁትን በሉ፣ መጡ። ሁለት የጨረር ባለሙያዎች ረጅም መቆንጠጫና የራሳቸውን የእርሳስ ሣጥን ጭነው ከተፍ አሉ። ለኩ። ተያዩ። በማቆያው ቤትና በዕቃ ቤቱ ዙሪያ ገመድ ዘረጉ። «ማሰሮው ሳይወጣ እዚህ ቤት ውስጥ ሰው አይተኛም» አሉ።

ወሩ ሐምሌ ነው። የተኝቶ ማከሚያው አልጋ ሁሉ ተይዟል። ነፍሰ ጡሮቹ የተመላላሽ ሕክምናው በረንዳ ላይ ሰሌን ተነጥፎላቸው ተኙ። የበረንዳው ቆርቆሮ ደግሞ ወንፊት ነው። ውድነሽ ዝናቡ ከግራዋ ሲመጣ ወደ ቀኝ፣ ከቀኟ ሲመጣ ወደ ግራ ስትገላበጥ ቆየችና ተነሣች። ነጠላዋን ጨምቃ ተከናነበችና ወደ ባለሙያዎቹ መኪና ሄደች።

«ጌቶቼ፣ አልጋዬን መልሱልኝ።»

«ማሰሮው ሲወጣ ነው እናት።»

«ታዲያ አውጡታ! መቆንጠጫው ይኸው፣ ሣጥኑ ይኸው፣ እናንተም ይኸው።»

«በሩ ታሽጓል። የታሸገ በር መስበር ያሳስራል። በሩ ይከፈትልን እንጂ እኛማ ቶሎ አውጥተን እንሄዳለን።»

በሩ አልከፈት አለ። በሩ አልከፈት ቢል ማሰሮው አልወጣ አለ፤ ማሰሮው አልወጣ ቢል አልጋው አልመለስ አለ፤ ውድነሽም ከዝናቡ አልዳነች።

ውድነሽ ወደ ዕቃ ቤት ኃላፊው ወደ ጋሽ ቢተው ሄደች። ጋሽ ቢተው ቁልፎቹን ወገቡ ላይ አንጠልጥሏል፤ ሲራመድ እንደ በቅሎ ቃጭል ይሰማል።

«ጋሼ፣ በሩን ይክፈቱልኝ።»

«እህቴ፣ ቁልፉስ ይኸውልሽ። ግን እሽጉን አየሽው? ሽቦው ከነሰሙ ማጠፊያው ላይ አለ። ከእኔ በፊት የነበሩት ጋሽ ንጋቱ ዕቃውን ሳያስረክቡ አረፉ። ያልተረከብኩትን ቤት እሽግ ቆርጬ ብገባና አንድ ወንበር ቢጎድል በእኔ ላይ ይቆጠራል። ኮሚቴ ቆሞ ይቁረጠው።»

«ነፍስ ቢጎድልስ? በማን ላይ ይቆጠራል?»

ጋሽ ቢተው አሰበበት። እውነቴን ነው፣ ከልቡ አሰበበት። «ነፍስ ንብረት ክፍል አልተመዘገበም እህቴ» አለ።

ውድነሽ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እሽጉ አልቆረጥ አለ። እሽጉ አልቆረጥ ቢል በሩ አልከፈት አለ፤ በሩ አልከፈት ቢል ማሰሮው አልወጣ አለ፤ ማሰሮው አልወጣ ቢል አልጋው አልመለስ አለ፤ ውድነሽም ከዝናቡ አልዳነች።

የንብረት ኮሚቴው ሰብሳቢ የመድኃኒት ቤቱ ኃላፊ አቶ ሲራክ ናቸው። ውድነሽ በመስኮቱ በኩል አንገቷን አስገባች።

«ጌታዬ፣ ኮሚቴውን ይሰብስቡልኝ። እሽጉን ቆሞ ይቁረጥልኝ።»

«ማዘዣ ወረቀት ይዘሻል?»

«ማርገዜን ይዣለሁ።»

አቶ ሲራክ መነጽራቸውን አወለቁ። «ኮሚቴ የሚሰበሰበው የሥራ አስኪያጁ ማህተም ባረፈበት ደብዳቤ ነው። እኛ ኮሚቴ ነን፤ ጡሩምባ ሲነፋ ተሯሩጠን የምንወጣ ዕድር አይደለንም።»

«ምነው ዕድር በሆናችሁ!» አለች ውድነሽ። «ዕድር እንኳ ሰው ሲሞት ይመጣል።»

ኮሚቴው አልሰበሰብ አለ። ኮሚቴው አልሰበሰብ ቢል እሽጉ አልቆረጥ አለ፤ እሽጉ አልቆረጥ ቢል በሩ አልከፈት አለ፤ በሩ አልከፈት ቢል ማሰሮው አልወጣ አለ፤ ማሰሮው አልወጣ ቢል አልጋው አልመለስ አለ፤ ውድነሽም ከዝናቡ አልዳነች።

እየተንጠባጠበች ወደ ጸሐፊዋ ወደ አስካለ ቢሮ ገባች። አስካለ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ስታያት ወንበሯን ለቀቀችላት።

«እትዬ አስካለ፣ ማህተም ይምቱልኝ።»

«ደብዳቤው ተጽፎ አልቋል እኮ የኔ እመቤት! ዘርጋው ገና በጠዋት አጽፎኛል፣ ይኸው። ማህተሙን ነው ያጣሁት። ማህተሙ አቶ አድማሱ ኪስ ውስጥ ነው። ሥራ አስኪያጁ ሰው አያምኑም፤ ሽንት ቤት እንኳ ይዘውት ነው የሚገቡት።»

«እሳቸውስ የት ናቸው?»

«ስብሰባ ላይ ናቸዋ!»

«ስብሰባውስ መቼ ያልቃል?»

አስካለ ሄዳ በአዳራሹ በር ስንጥቅ አይታ፣ ጆሮዋን ለጥፋ ሰምታ ተመለሰች። ፊቷ ላይ ሐፍረት ነበር። «ገና አጀንዳውን ማጽደቅ ላይ ናቸው» አለች።

ስብሰባው አላልቅ አለ። ስብሰባው አላልቅ ቢል ሥራ አስኪያጁ አልወጣ አሉ፤ ሥራ አስኪያጁ አልወጣ ቢሉ ማህተሙ አልመታ አለ፤ ማህተሙ አልመታ ቢል ኮሚቴው አልሰበሰብ አለ፤ ኮሚቴው አልሰበሰብ ቢል እሽጉ አልቆረጥ አለ፤ እሽጉ አልቆረጥ ቢል በሩ አልከፈት አለ፤ በሩ አልከፈት ቢል ማሰሮው አልወጣ አለ፤ ማሰሮው አልወጣ ቢል አልጋው አልመለስ አለ፤ ውድነሽም ከዝናቡ አልዳነች።

ወደ አዳራሹ መስኮት ሄዳ በእግሯ ጣት ቆማ ወደ ውስጥ አየች። ያየችውን ማመን አቃታት። ወለሉ ከዳር እስከ ዳር ምንጣፍ ለብሷል። ጣሪያው አንዲት ጠብታ አያወርድም። በየሰው ፊት አንድ አንድ ጠርሙስ ውሃ ተቀምጧል፤ በውጭ ይህ ሁሉ ውሃ እየወረደ! አንዱ ቆሞ ይናገራል፤ ሌሎቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ከኋላው በተሰቀለው ጨርቅ ላይ አንዲት ነፍሰ ጡር ተሥላለች፤ ፈገግ ብላለች፤ ደረቅ ናት። ተከትላት የመጣችው አስካለ ከጎኗ ቆማ ጽሑፉን አነበበችላት። «የእናቶችን ምቾት በጋራ እናሻሽል» ይላል።

ውድነሽ ብዙ አልተናገረችም። ወደ በረንዳው ተመለሰችና ጓደኞቿን ጠራች።

«ተነሡ ሴቶች። ደረቅ ቦታ አግኝቼላችኋለሁ።»

ሰሌናቸውን ጠቅልለው ተከተሏት። የአዳራሹን በር ገፋ አድርገው ገቡ፤ ከደፉ ጀምረው አንዷ በሌላዋ ጎን፣ ሁሉም በግራ ጎናቸው፣ ጋደም አሉ። ያ አዳራሽ ያለው በር አንድ ነው፤ መስኮቶቹ ደግሞ ፍርግርግ ናቸው። ተናጋሪው አፉን እንደከፈተ ቀረ።

«ምንድን ነው ይኼ?» አሉ አቶ አድማሱ ከመድረኩ።

«ነፍሰ ጡሮች ናቸው» አለች አስካለ ከውጭ ሆና።

«ምን ፈልገው ነው?»

«መተኛት።»

«እህቴ፣ ተነሺ እንጂ! ይኼ እኮ የስብሰባ አዳራሽ ነው።»

«ይሁን ጌታዬ» አለች ውድነሽ ዓይኗን ጨፍና። «አንረብሻችሁም። ስለ እኛ ማውራቱን ይቀጥሉ።»

ቀጠሉ። ምን ያድርጉ? ግን ስብሰባ የጠጣው ውሃ መውጫ ይፈልጋል። መጀመሪያ አንዱ ብድግ ብሎ ወደ በሩ መጣ፤ የተኙትን አየና ቆመ። ሌላው መጣ፤ ቆመ። በዚያ አገር የተኛ ሰው አይዘለልም። ሕፃን የዘለለ ያጫጨዋል ይባላል፤ ነፍሰ ጡር የዘለለ ደግሞ ከነፅንሷ እንደረገጣት ነው፤ የዘለለ ሰው እስከ ልጅ ልጁ ስሙ በደግ አይነሣም።

«ይኼ ሳይንሳዊ መሠረት የለውም» አለ አንዱ ባለ ሁለት ዲግሪ።

«እንግዲያው አንተ ቅደም» አሉት።

«እኔማ አልቸኮልኩም» አለና ወንበሩን ፈለገ።

እዩልኝ ይህንን ጉድ! መለኪያ እየጮኸ የተነገራቸው ጨረር ያላስደነገጣቸው ሰዎች ከአንዲት ገበሬ ሚስት እግር ፊት እንደ በግ ተገትረው ቀሩ። ዘርጋው በመስኮቱ ፍርግርግ ያይ ነበር፤ ለዘመናት ስቆ የማያውቀው ሰው ግድግዳውን ይዞ ሳቀ።

በመጨረሻ አቶ አድማሱ ራሳቸው መጡ። ሁለት ጠርሙስ ጨርሰዋል። አንዴ በቀኝ እግራቸው ይቆማሉ፣ አንዴ በግራ።

«እህቴ፣ እባክሽ። ምን ይደረግልሽ?»

«አልጋዬ ይመለስ።»

«ይመለሳል አልኩሽ! ተነሺ!»

«እንዴት ይመለሳል ጌታዬ?» አለች ውድነሽ፣ ተረጋግታ፣ ጊዜ እንዳላት ሰው። «አልጋው አልመለስ ብሏል።»

«ለምን?»

«ማሰሮው አልወጣ ብሎ ነዋ።»

«ማሰሮውስ ለምን?»

«በሩ አልከፈት ብሎ። በሩም አልከፈት ያለው እሽጉ አልቆረጥ ብሎ ነው። እሽጉም አልቆረጥ ያለው ኮሚቴው አልሰበሰብ ብሎ ነው። ኮሚቴውም አልሰበሰብ ያለው...»

«ኧረ በፈጠረሽ ቶሎ በይ!»

«...ማህተሙ አልመታ ብሎ ነው። ማህተሙም አልመታ ያለው ሥራ አስኪያጁ አልወጣ ብለው ነው። ሥራ አስኪያጁም አልወጣ ያሉት ስብሰባው አላልቅ ብሎ ነው። ስብሰባው ለምን አላልቅ እንዳለ ግን እኔ ያልተማርኩ ነኝ፣ አላውቅም ጌታዬ።»

«ስብሰባው አልቋል!» ብለው ጮኹ አቶ አድማሱ።

ስብሰባው አለቀ። ስብሰባው ቢያልቅ አቶ አድማሱ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። አስካለ ደብዳቤውን በተኙት ሴቶች አናት ላይ አሻግራ ሰጠቻቸው፤ በበሩ መቃን ላይ አስደግፈው ማህተሙን መቱ። ማህተሙ ቢመታ ውድነሽ እግሯን ሰብሰብ አደረገች፤ ሥራ አስኪያጁ ወጡ፤ ወጡ ከማለት በረሩ ማለት ይሻላል። ማህተሙ ቢመታ ኮሚቴው ተሰበሰበ፤ ኮሚቴው ቢሰበሰብ እሽጉ ተቆረጠ፤ እሽጉ ቢቆረጥ በሩ ተከፈተ። በሩ ሲከፈት ሰው ሁሉ ከገመዱ ወዲያ ሆኖ አንገቱን አሰገገ። ባለሙያዎቹ መቆንጠጫቸውን ይዘው ገቡ፤ ብዙም ሳይቆዩ ወጡ። ብረቶቹ የገቡበት የራሳቸው ሣጥን ተከድኖ መኪናቸው ላይ ተጫነ። ማሰሮው ወጣ።

ግን አንዱ ባለሙያ ወደ ገመዱ መጥቶ ጓንቱን እያወለቀ ጠየቀ።

«የማሰሮው ክዳን ተነሥቶ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ማን ነው የከፈተው?»

ጋሽ ቢተው ቁልፎቹን ከወገቡ ፈትቶ ወደ ገመዱ ቀረበ።

«ጋሽ ንጋቱ ናቸው» አለ። «ሳይሞቱ ራሳቸው አጫውተውኛል። ጡረታ ሊወጡ ነበር። አንድም ዕቃ ሳይጎድል ያስረክቡ ተባሉ። ማሰሮውን ከፍተው ብረቶቹን መዳፋቸው ላይ እያደረጉ ቆጠሯቸው። ምንነታቸውን የሚያውቅ ጠፋ። አንዷን በወረቀት ጠቅልለው፣ የሚያውቅ ሰው ባገኝ ብለው በሱሪ ኪሳቸው ይዘዋት ሰነበቱ። ኋላ መለሷት። ክዳኑ ከብዷቸው ግን መልሰው ሊያነሡት አልቻሉም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ጭናቸው ላይ ቁስል ወጣ። አልማዝ ባለጭራ ነው አሉ። ጠበል ሄዱ። ሥጋው እየተቦደሰ...» ጋሽ ቢተው አልጨረሰውም።

አቶ ሲራክ መነጽራቸውን አውልቀው ያዙ። ለዚያ ቁስል ቅባት ይሰጡ የነበሩት እሳቸው ናቸው።

እንግዲህ ስሙ። ዕቃ ቤቱ የታሸገው ጋሽ ንጋቱ ሳያስረክቡ ስለሞቱ ነው። የሞቱት ቁስሉ ስላልዳነ ነው። ቁስሉ የወጣው ብረቷን ኪሳቸው ስለከተቱ ነው። ብረቷን ኪሳቸው የከተቱት ማሰሮውን ስለከፈቱ ነው። ማሰሮውን የከፈቱት አንድም እንዳይጎድል ስለተባሉ ነው። አንድም አልጎደለም። ብረቶቹ ልክ ናቸው፤ ወንበሮቹም ልክ ናቸው። ንብረቱን ከሰው የሚጠብቅ ሽቦና ሰም ተገኘ፤ ሰውን ከንብረቱ ልጠብቅ ያለ ግን አልነበረም።

ባለሙያዎቹ ማቆያ ቤቱን ከጥግ እስከ ጥግ ለኩ። መለኪያው አልፎ አልፎ ብቻ፣ እንደ ሩቅ ዝናብ፣ ጠብ ይል ነበር። «አሁን ግቡ» አሉ። ማሰሮው ቢወጣ አልጋው ተመለሰ። ውድነሽ ደረቅ ቀሚስ ቀይራ በግራ ጎኗ ጋደም አለች። ልጁ ሆዷ ውስጥ ተገላበጠ፤ እጇን አኖረችበት።

አቶ አድማሱ እጃቸውን በመሐረብ እያደረቁ፣ ፊታቸው በርቶ፣ በበሩ ብቅ አሉ።

«እንግዲህ እናቶች፣ በተደረገው ርብርብ ችግሩ ተፈትቷል። ደስ አላችሁ?»

«ተመስገን» አለች ውድነሽ። ከዚያ በክርኗ ተደግፋ ቀና አለች። «ጌታዬ፣ ከእኔ በፊት በዚህ አልጋ የተኙትስ?»

«የትኞቹ?»

«ማሰሮው ከተከፈተ ወዲህ እዚሁ ራስጌ የሰነበቱት ሴቶች። ከነልጆቻቸው። ከእኛ ቀበሌ እንኳ ሦስት አውቃለሁ። ማን ይጠራቸዋል? ማን ይመረምራቸዋል?»

ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሴቶች ሁሉ ወደ እሳቸው ዞሩ። አቶ አድማሱ መሐረቡን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

«እሱ እንኳ... እሱማ ሰፊ ጉዳይ ነው እህቴ። መጀመሪያ ደብዳቤ ይጻፋል፣ ከዚያ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ከዚያ...»

ውድነሽ ከአልጋው ወረደች። ሰሌኗን ከግድግዳው አንሥታ ብብቷ ሥር ሸጎጠች። ጓደኞቿም አንድ በአንድ እግራቸውን ከአልጋ አወረዱ።

«ነገ ይጠራሉ» አሉ አቶ አድማሱ። «ነገ በጠዋት መኪና ይወጣል። ዘርጋው ራሱ ይሄዳል።»

«ነገ ስብሰባ የለዎትም?»

«የለኝም!»

እንግዲህ ተረቴን መልሱልኝ። አፌን በዳቦ ማበሱ ይቅርባችሁ፤ ከራስጌያችሁ ያለውን የተዘጋ በር ግን ሂዱና አስከፍቱ።